ውኃው በየት ይወጣል? የድጋፍ ግንብና የጥልቅ መሠረት ታሪክ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋዎች

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የታሪክ መምህር ስለ ፓይልና ስለ ድጋፍ ግንብ ሊናገር ሲነሣ መሐንዲሶች ፈገግ ማለታቸው አይቀርም፤ ከፊት ረድፍ ከተቀመጡት መካከል ፈገግ ያሉትን አይቻለሁ። (ሳቅ) እውነት አላቸው። እኔ ፌሮ አልመርጥም፤ የአርማታ ድብልቅም አላሰላም። ይሁን እንጂ በሰሜን ሸዋ ደጋ የተሠሩና የፈረሱ ግንቦችን፣ የተከፈቱና የተዘጉ መንገዶችን ታሪክ ስከታተል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከዚህ ሁሉ ያገኘሁት አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ካየኋቸው የፈረሱ ግንቦች ውስጥ ድንጋዩ ደክሞ የፈረሰ የለም ማለት ይቻላል። የፈረሱት ሠሪዎቹ ስለ ተዳፋቱ ያለፈ ታሪክና ስለ ውስጡ ውኃ ሳይጠይቁ በመሥራታቸው ነው። ዛሬ የምናገረው ይህንኑ ነው።

ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከዓመታት በፊት በመንዝ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከተዳፋት ሥር ባለ ትምህርት ቤት አዲስ የመማሪያ ክፍሎች ሲሠሩ፣ የአካባቢው ተወላጅ ነኝና በአስተባባሪ ኮሚቴው ውስጥ ተጨመርሁ። ከክፍሎቹ ጀርባ አፈሩ እንዳይናድ አራት ሜትር ያህል ቁመት ያለው ግንብ በሲሚንቶ ተገነባ። ዐይን የሚስብ ግንብ ነበር፤ ድንጋዩ ተጠርቦ፣ መጋጠሚያው ሁሉ ተሞልቶ፣ መርፌ የምታስገባ ክፍተት እንኳ አልነበረበትም። ከመመረቁ በፊት ዕድሜያቸውን ካብ ሲክቡ የኖሩ አንድ ሽማግሌ መጡና ግንቡን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ውኃው በየት ይወጣል?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ሲሚንቶ እኮ ነው፤ ውኃ አያሳልፍም» ብዬ መለስሁላቸው።

«አያሳልፍም አልህ? እኔም የጠየቅሁህ እርሱን ነው» አሉና ሄዱ።

በሁለተኛው ዓመት፣ የበልጉ ዝናብ ለቀናት ሳያቋርጥ ሲጥል ሰንብቶ፣ በመጋቢት አንድ ሌሊት ግንቡ ከመካከሉ ሆዱን ነፍቶ ወደቀ። የኋለኛውን የክፍል ግድግዳም ይዞት ገባ። ሌሊት በመሆኑ ሰው አልተጎዳም። ዴስኮቹ ግን ተማሪዎች በማግሥቱ ጠዋት የሚቀመጡባቸው ነበሩ። ሥራውን የሠራው ማን እንደ ሆነ አልናገርም፤ ከጠየቁት ሽማግሌ ጋር ፊት ለፊት ቆሜ የነበርሁት እኔ ነኝና። በሙያዬ የድሮ ሰዎችን ቃል ስሰበስብ የምውል ሰው፣ አንድ አረጋዊ በአጠገቤ የተናገሩትን ቃል አልሰማሁም።

አሁን ወደ ምድሩ እንመለስ። የመንዝ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺሕ ሜትር ገደማ የሚደርስ ሜዳማ ደጋ ነው። በምሥራቅ በኩል ተራራው በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ተወርውሮ ወደ ይፋትና ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል። በምዕራብ ደግሞ ወንጪት፣ ጀማና ገባሮቻቸው ምድሩን ሰንጥቀው ወደ ዓባይ ይሄዳሉ፤ መርሐ ቤቴ የተቀመጠው በእነዚህ ሸለቆዎች መካከል ነው። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር፣ በሰሜን ደግሞ ግሼ፣ ሁሉም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አላቸው፤ ከገደል አፋፍ ላይ ናቸው።

ከእግራችን በታች ያለው ዐለት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በየጊዜው እየፈሰሰ የተደራረበ የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት ከላይኛዎቹ ድርብርቦች አንዱን በዚሁ አካባቢ ስም «የጣርማበር ባዛልት» ብለው ሰይመውታል። ይሁንና ንብርብሩ ሁሉ ባዛልት ብቻ አይደለም። በአንዱ ፍሳሽና በሚቀጥለው መካከል ረጅም ዘመን አልፏል፤ በዚያ ዘመን ዐመድ ወድቋል፣ አፈር ተፈጥሯል፣ ምናልባትም ሣር በቅሎበታል። ያ የጥንት አፈር ዛሬ በሁለት ጠንካራ ዐለቶች መካከል እንደ ቅባት ተኝቶ ይገኛል። ውኃ በባዛልቱ ስንጥቅ ገብቶ ሲወርድ ቆይቶ ከዚህ የሸክላ ንብርብር ሲደርስ ማለፍ ስለማይችል ወደ ጎን ይሄዳል። በገደሉ ወገብ ላይ ምንጮች በአንድ መሥመር ተሰልፈው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ገበሬው ምንጩን በማየት ቤቱን የት እንደሚሠራ ይመርጣል፤ መሐንዲሱም ያንኑ ምንጭ በማየት ግንቡን የት እንደማይሠራ ሊመርጥ ይገባዋል።

የአገራችን የግንባታ ታሪክ ስለ መሠረት በሁለት ታላላቅ ሥራዎች አስተምሮናል። አክሱም ላይ 33 ሜትር ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት እንዳለው የሚገመተው ትልቁ ሐውልት ተሰባብሮ ተኝቷል። ከመሬት በታች እንዲቀበር የተተወለት ክፍል ለቁመቱ እጅግ አጭር ነበር፤ ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ እንደ ወደቀ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። ላሊበላ ደግሞ የመሠረትን ጥያቄ ጨርሶ ሰርዞታል፤ ሕንፃው ራሱ ዐለቱ ነውና። የውኃን ጥያቄ ግን አልሰረዘም፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተቆፈሩት ጉድቦች ወለል የክረምቱ ውኃ እንዲወርድ ዘቅዘቅ ተደርጎ፣ ማስወገጃ ቦይ ተበጅቶለታል። አክሱምን የምንጎበኘው በኩራት ነው፤ የወደቀውን ሐውልት ግን እንደ መማሪያ መጽሐፍ ቆመን ያነበብነው ጥቂቶች ነን።

ወደ ሸዋ ስንመለስ፣ የመጀመሪያው የተጻፈ ምስክር ከአንኮበር ይመጣል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. በአንኮበር የቆየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ፣ በ1842 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዝናብ የራሰው ኮረብታ ተንሸራትቶ ቤቶችን እንዳጠፋ ጽፏል። በኋላ የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ያዘጋጁት የጂኦፊዚክስ ሊቅ ፒየር ጉዋን ይህን ወሬ ከመንቀጥቀጥ መዝገባቸው ጋር አያይዘው መርምረውታል። አንኮበር የተመረጠችው ለመከላከያ በሚመች ኮረብታ ላይ በመሆኗ ነው። ለጦር የሚመች ቦታ ሁሉ ለመሠረት የሚመች አይደለም፤ ይህን አለመጣጣም ከአንኮበር እስከ መርሐ ቤቴ አምባዎች ድረስ ደጋግመን እናገኘዋለን።

ሕዝቡ በዚያው ዘመን በምን ይገነባ ነበር? በካብ። እንጨት በማይበዛበት በመንዝ ደጋ የቤቱ ግድግዳ፣ የግቢው አጥርና የእርሻው እርከን ከድንጋይ ነው። እርከን በሚካብበት ጊዜ ጭቃም ሲሚንቶም አይገባም፤ ትልቁ ድንጋይ ከታች ይቀመጣል፣ ረጃጅሞቹ ጠባብ ጎናቸውን ወደ ውጭ አድርገው ወደ አፈሩ ዘልቀው ይገባሉ፣ ከጀርባ ጠጠርና ኮረት ይሞላል፣ ካቡ ወደ ተራራው ዘንበል ይላል። እንዲህ ያለ ካብ አፈሩን ይይዛል፣ ውኃውን ይለቅቃል። በክረምት ሆዱን ከነፋ ባለቤቱ በበጋ አፍርሶ መልሶ ይክበዋል። ከማሳው በላይ ደግሞ ገበሬው ጎርፉን አስቀድሞ የሚያስቀይስበት ፈሰስ ይቀድዳል። ካብ፣ ጠጠርና ፈሰስ፤ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ግንብ፣ ማጣሪያና መቀልበሻ ቦይ የሚባሉት እነዚሁ ናቸው። ካብን ለማምለክ አይደለም ይህን የምለው። ካብ ከሰው ቁመት እጅግ ሲያልፍ አይታመንም፤ የጭነት መኪና የሚያልፍበትን መንገድም አይሸከምም። ከ1966 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በምግብ ለሥራ ከተካቡት እርከኖችም ብዙዎቹ በጥድፊያ የተሠሩ ስለ ነበሩ አልቆዩም።

ሲሚንቶና ትልቅ ግንብ ወደዚህ ተዳፋት በብዛት የመጡት በጦርነት ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ የመኪና ጦር ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ በጣርማበር ላይ ቆመ፤ የእኛ ሰዎች መንገዱን ከአፋፉ ላይ ቆርጠውት ነበርና። በተራራ ወገብ ላይ የተሠራ መንገድ በአንዲት ቦታ ሲቆረጥ ሠራዊትን ያህል ነገር እንደሚያቆም ጠላት ያን ጊዜ ተማረ። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ–ደሴን መንገድ በድንጋይ ግንብ፣ በቦይና በቱቦ አጠናክሮ ሠራ፤ በጣርማበርም ስድስት መቶ ሜትር የሚጠጋ ዋሻ በስቶ አሳለፈ፤ የበሩንም ስም በሙሶሊኒ ሰየመ።

«ጣሊያን መንገድ ሠርቶልናል» የሚለውን አባባል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ለማን እንደ ሠራው ለማወቅ ግን የዘመኑን ሌላ መዝገብ ማየት ያስፈልጋል፤ ያው ጦር በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በዚሁ በእኛው ደጋ፣ በዘረት ዋሻ ተሸሽገው የነበሩ አርበኞችንና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጢስና በጥይት ፈጅቷል። መንገዱንና ዋሻውን የቀየሰው አስተዳደር አንድ ነው። የሥራውን ዘዴ ለመማር ግን ይህ አይከለክለንም። የዚያ ዘመን መንገድ ሠሪዎች ከግንቡ እኩል ለቦዩ ይጨነቁ ነበር። በተዳፋቱ በኩል ያለውን የውኃ መውረጃ በድንጋይ ያነጥፉታል፤ ጎርፍ በሚወርድባት በእያንዳንዷ ስርጥ ላይ ከመንገዱ በታች ማሳለፊያ ይሠራሉ። ቦዩ የሚጠቅመው ግን የሚጠርገው ሰው እስካለ ድረስ ነው። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ጥገና ከዋና ተግባሮቹ አንዱ የሆነው ስለዚህ ነው። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ አካፋ ይዞ ቦይ የሚጠርገው ሠራተኛ በታሪክ መጻሕፍት ስሙ አይጠራም፤ በእኔ ሚዛን ግን ከብዙ ግንበኛ ይበልጣል።

በ1953 ዓ.ም. ምድሩ ራሱ ተናገረ። በግንቦትና በሰኔ ከመንዝና ከግሼ ገደል ሥር፣ በካራቆሬ አካባቢ፣ ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ማጀቴ ክፉኛ ተጎዳች፤ የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ተሰነጠቀ፣ ናዳ ወረደበት። ቀደም ብዬ የጠቀስኋቸው ፒየር ጉዋን በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ይመሩ ስለ ነበር ይህን መንቀጥቀጥ በዝርዝር መዝግበውታል። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ በየቤታችን ሲሰማን ብዙ ወጣት መሐንዲሶች እንደ አዲስ ነገር ደነገጡ። ማጀቴን የሚያስታውስ አዛውንት ግን አልደነቀውም።

ከሁሉ የቀረበውና ለዛሬው ርእሴ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1998 ዓ.ም. መባቻ በጣርማበር ግርጌ፣ በይዛባ ወይንና በሾተል አምባ አካባቢ የደረሰው ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ተዳፋቱ ውኃ ጠጥቶ በጠገበበት ጊዜ፣ ሰፊ የሆነ የተራራ ወገብ ቤቱን፣ ማሳውንና ዛፉን ይዞ ተንሸራተተ፤ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ። ያን ስፍራ በእግሬ ስዞር ያስተዋልሁት ነገር አለ፤ መሬቱ እንደ ደረጃ ተቆርጦ፣ እያንዳንዱ ደረጃ ወደ ኋላ፣ ወደ ተራራው ዘንበል ብሎ፣ በደረጃው ጓዳ ውኃ አቁሮ ነበር። ዛፎቹ እንደ ሰከረ ሰው ያዘነበሉት በየአቅጣጫው ነው። ይህን ቅርፅ ያወቀ ሰው በሌሎች ተዳፋቶችም ላይ ያገኘዋል፤ ብዙዎቹ ጥንት ተንሸራትተው ያረፉ፣ ዛሬ እርሻና መንደር የሆኑ ቦታዎች ናቸው። ጥቁር አፈራቸው ወፍራም፣ ውኃቸው ቅርብ ስለሆነ ገበሬ ይወዳቸዋል። አንዴ የተንሸራተተ መሬት ግን የሚንሸራተትበት መንገድ አስቀድሞ ተሠርቶለታል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ከ200 በላይ ሰዎች ካለቁበት አደጋ ብዙዎቹ የሞቱት የመጀመሪያው ናዳ ከወረደ በኋላ ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ የተሰበሰቡት መሆናቸውን አስታውሱ። ተዳፋት አንድ ጊዜ ወርዶ አይጨርስም።

እዚህ ላይ ወደ ሳይንሱ ለአፍታ እሻገራለሁ፤ መሐንዲሶች ታገሡኝ። የአፈር ግፊት በግንብ ላይ ምን ያህል እንደሆነ በስሌት ያስቀመጠው ፈረንሳዊው የጦር መሐንዲስ ኩሎም ነው። በማርቲኒክ ደሴት ምሽግ ሲገነባ ለስምንት ዓመት ያህል ከግንብና ከአፈር ጋር ከታገለ በኋላ በ1773 እ.ኤ.አ. ጥናቱን ለፓሪስ አካዳሚ አቀረበ። ውኃ በአፈር ውስጥ የሚሠራውን ግልጥ ያደረገው ደግሞ ቴርዛጊ ነው፤ በ1925 እ.ኤ.አ. የታተመውን መጽሐፉን ያዘጋጀው በኢስታንቡል ሲያስተምር ነበር። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በጆንያ ያለ እህል ተደግፎ የሚቆመው ፍሬው ከፍሬ ጋር ስለሚፋተግ ነው። በፍሬዎቹ መካከል ውኃ ሞልቶ ሲገፋቸው መፋተጉ ይቀንሳል፤ አፈሩ ክብደቱ ሳይጎድል ጉልበቱ ይጎድላል።

የትምህርት ቤቱን ግንብ እንውሰድ። ቁመቱ አራት ሜትር ነው፤ ጀርባው መካከለኛ ጥራት ያለው፣ ደረቅ የሆነ አሸዋማ ሙሌት ቢሆን ኖሮ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ የሚገፋው ኀይል 5 ቶን ገደማ ይሆን ነበር። ያው ሙሌት እስከ አፋፉ ውኃ ሲሞላ፣ ውኃው ብቻውን 8 ቶን ያህል ይገፋል፤ በውኃ የተነከረው አፈር 2.5 ቶን ገደማ ይጨምርበታል። በድምሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ግንቡን በእጥፍ ማወፈር አንድ መልስ ነው። ሽማግሌው ግን በጥቂት ቀዳዳና በአንድ ጋሪ ጠጠር የሚመለስ ጥያቄ ነበር ያቀረቡልኝ።

እንግዲህ በእነዚህ ደጋዎች የድጋፍ ግንብ ለምትሠሩ፣ ከፈረሱት የተማርሁትን ልንገራችሁ። ከግንቡ ጀርባ ከላይ እስከ ታች የጠጠር ንብርብር አድርጉ፤ ደቃቁ አፈር ገብቶ እንዳይደፍነው በጂኦቴክስታይል ጨርቅ ወይም እየረቀቀ በሚሄድ አሸዋ ለዩት። ቀዳዳዎቹን በሁለት ሜትር ገደማ ርቀት አበጁ፤ የታችኛው ረድፍ ከፊት ለፊቱ መሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ይሁን፤ ወደ ውጭም ይዝቀዝቅ። ተቆፍሮ የወጣውን መረሬ መልሳችሁ ከግንቡ ጀርባ አትሙሉ፤ ርካሽ ስለሆነና በአጠገባችሁ ስለተከመረ ይፈትናችኋል፤ ነገር ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም የሚቀጥለውን ዝናብ ይቀበላል። ከግንቡ በላይ መቀልበሻ ቦይ ሥሩ፤ ቦዩ በሸክላ ወይም በድንጋይ ካልተለሰነ ግን ውኃውን ወደ ተዳፋቱ ውስጥ የሚያስገባ ቧንቧ ይሆናል፤ ይህን ስሕተት ደጋግሜ አይቻለሁ። መሬቱ ጥቂት በጥቂት በሚንቀሳቀስበት ቦታ ደርቆ ከሚሰነጠቀው የሲሚንቶ ግንብ ይልቅ በሽቦ ሣጥን የታሰረው ጋቢዮን ይሻላል፤ ውኃ ያሳልፋል፣ ሲጣመምም ያስጠነቅቃል። ጋቢዮን በመሠረቱ ሽቦ የታሰረለት ካብ ነው። ግንብ ለመትከል ስትሉ የተዳፋቱን እግር በበጋ ረጅም አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ክረምት እንዳያገኛችሁ፤ በአጫጭር ክፍል እየቆፈራችሁ፣ አንዱን ዘግታችሁ ወደ ሚቀጥለው እለፉ።

ስለ ፓይል ደግሞ። ፓይል ማለት ደካማውን አፈር አልፎ ሸክሙን ከታች ላለ ጠንካራ ንብርብር የሚያደርስ፣ ወይም በጎኑ ሁሉ ከአፈሩ ጋር በመፋተግ የሚሸከም ረጅም ዐምድ ነው። በእኛ ደጋ የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ ተቆፍሮ በአርማታ የሚሞላው ነው፤ በድንጋይ በተሞላ መሬት ውስጥ ተገጭቶ የሚገባው አይሳካምና። አደጋውም ከዚያው ከድንጋዩ ይመጣል። በገደሉ ግርጌ ያለው አፈር ከላይ የተንከባለሉ፣ አንዳንዶቹ ጎጆ የሚያህሉ የባዛልት ቋጥኞችን አቅፏል። የመቆፈሪያው መኪና ቋጥኙን ሲያገኝ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ኦፕሬተሩም «ዐለት ደረስን» ይላል። ዐለት አልደረሰም። ይህ የመጀመሪያው ውሸት ነው። ሁለተኛው ይረቅቃል፤ እውነተኛው ባዛልት እንኳ ተደርሶ ከሥሩ ያ የጥንት አፈር ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ በሚደረገው የምርመራ ቁፋሮ ዐለት በነካችሁ ጊዜ አታቁሙ፤ ከቋጥኝ መጠን በላይ ሜትሮችን ዝለቁ፤ የወጣውን ናሙና በሣጥን ደርድራችሁ በዐይናችሁ እዩት። ቁጥሩን በስልክ ተቀብሎ ንድፍ መሥራት ልማድ እየሆነ መጥቷል፤ መጥፎ ልማድ ነው።

በቁፋሮው ጊዜ ጉድጓዱ እንዳይደረመስ በብረት ቱቦ ወይም በቤንቶናይት ፈሳሽ ይያዛል። አርማታው ሲሞላ ከላይ አይጣልም፤ እስከ ጉድጓዱ ወለል በሚደርስ ቱቦ ከታች ጀምሮ ጭቃውን እየገፋ ይወጣል፤ የቱቦው አፍ ሁልጊዜ በአርማታው ውስጥ ተቀብሮ መቆየት አለበት። ከመሙላቱ በፊት የወለሉ ዝቃጭ መጠረግ አለበት፤ ሸክሙን ለዐለት አደርሳለሁ ብሎ በጭቃ ትራስ ላይ የተቀመጠ ፓይል አደረሰ አይባልም። በመረሬ ምድር ላይ ደግሞ አፈሩ ሲያብጥ ፓይሉን ወደ ላይ ይጎትታል፤ ስለዚህ ፌሮው እስከ ታች መውረድ ይኖርበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ጥያቄ አለ፤ መሬቱ ይንቀሳቀሳል ወይ? በሚንሸራተት አፈር ውስጥ የተተከለ ፓይል ከመንሸራተቻው ገጽ በታች ካልዘለቀ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ዘልቆም አስፈላጊው ውፍረትና ፌሮ ከሌለው ይታጠፋል ወይም ይቆረጣል። የመንሸራተቻው ጥልቀት በግምት አይገኝም። ጠባብ ቱቦ ተቀብሮ፣ ኢንክሊኖሜትር በሚባል መሣሪያ በየጊዜው የቱቦው መጣመም ይለካል፤ በአጠገቡ የከርሰ ምድር ውኃ ከፍታ መለኪያ ይተከላል። ይህ ልኬት ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምትን፣ በመንዝም የበልጉን ዝናብ ጨምሮ፣ ማየት አለበት። በታኅሣሥ ተለክቶ በጥር የሚቆፈር ፕሮጀክት ተዳፋቱን ያገኘው ተኝቶ ሳለ ነው። በጀት እንደማይጠብቅ አውቃለሁ። ተዳፋቱም በጀቱን አይጠብቅም።

ጀማ ከሚገባበት ከዓባይ ሸለቆ አንድ ማስረጃ ልጨምር። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል በጃፓን ርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመርቆ በክብር ቆሟል። ወደ ድልድዩ የሚወርደው መንገድ ግን በየክረምቱ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል፤ ስለ መንሸራተቱም የጃፓንና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች አብረው ለማጥናት ተገደዋል። ድልድዩ የቆመው በሸለቆው ወለል ላይ ነው፤ መንገዱ የተጋደመው በሚንቀሳቀሰው ጎን ላይ ነው። አንድ ፕሮጀክት ነው፤ ሁለት መሬት ነው። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ በጀማ በኩል የምትመላለሱ ሁሉ ተመሳሳዩን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ።

የሕንፃ ኮዳችን ስለ መሠረት የሚናገር ክፍል አለው፤ ስለ መሬት መንቀጥቀጥም እንዲሁ። ኮዱ የማይነግራችሁ የአንድ መንደር አዛውንቶች የሚያውቁትን ነው፤ ምንጩ መቼ ቦታ እንደ ለወጠ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስንት ጊዜ እንደ ተካበ፣ አሮጌው የበቅሎ መንገድ አቋራጩን ትቶ ለምን ዞሮ እንደሚሄድ። ናዳ፣ ጨፌ፣ አረንቋ የሚሉ ቃላት በቦታ ስም ውስጥ ሲገኙ ዝም ብለው አልገቡም። ይህ ዕውቀት ከመለኪያ መሣሪያ አይበልጥም። መሣሪያው የት እንደሚተከል ግን ይነግራል፤ አንድ የምርመራ ጉድጓድ የሚያስወጣውን ወጪ ለምታውቁ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ከሁለቱ የትምህርት ክፍሎች፣ ከታሪክና ከሲቪል ምሕንድስና፣ ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በመጪው ዕረፍት ወደየወረዳቸው ሲሄዱ የተንሸራተቱ ተዳፋቶችን፣ የፈረሱ ግንቦችንና ቦታ የለወጡ ምንጮችን እንዲመዘግቡልኝ እፈልጋለሁ። ቅጹ አንድ ገጽ ነው፤ ቦታው፣ ዓመቱ፣ ወሩ፣ ከዚያ በፊት የጣለው ዝናብ፣ የነገራችሁ ሰው ዕድሜ፣ አንድ ፎቶግራፍ። ዓመቱን የማያስታውስ ሰው ካጋጠማችሁ በንጉሡ ዘመን ነው በደርግ፣ ከድርቁ በፊት ነው በኋላ እያላችሁ አስታውሱት። የፈረሰውን ግንብ ማን እንደ ሠራው አትጠይቁ፤ ከጠየቃችሁ ሰዎች መናገር ያቆማሉ። እኔ የትምህርት ቤቱን ግንብ በመጀመሪያው ተራ ቁጥር መዝግቤዋለሁ። እንደገና የተሠራው ግንብ አሥራ አራት ቀዳዳዎች አሉት፤ ባለፈው ነሐሴ ሄጄ ስቆጥር ሁለቱ በቅጠልና በጭቃ ተደፍነው ነበር፤ ከጥበቃው ጋር ሆነን በእንጨት ጠረግናቸው።

ቅጾቹ በመውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከመሐንዲሶቹ እንጀምር።